የሚቆጠር ሰዓት

በአማርኛችን መማርና መቁጠር ዘመዳሞች ናቸው። ማንበብና መጻፍ የቻለውን ሰው «ፊደል የቆጠረ» እንለዋለን። የቅኔ ተማሪውም ለመምህሩ ከመንገሩ በፊት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። እኔም ደሴ ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቀን ቀን ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ቤት ይምታም አይምታም የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። ስለዚህ ስለ አንድ የሚቆጥር ጨዋታ ልጽፍ ስነሣ ከሙያዬ እጅግ የራቅሁ አይመስለኝም። ጉዳዬ በኢንተርኔት የሚካሄዱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች ናቸው። ጥያቄዬም በእነዚህ ጨዋታዎች ገጸ ባሕርይን ከደረጃ ወደ ደረጃ ፈጥኖ የማሳደጊያው መንገድ የቱ ነው? የሚል ነው። ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ጥቂት ታገሡኝ።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ ከዚያም ሌሎች ብዙ ሰዎች በየፊናቸው ወደሚኖሩበት ምናባዊ ዓለም ይሰደዋል። ገጸ ባሕርዩ ዓሣ ባጠመደ፣ ዛፍ በቆረጠ፣ ጠላት በጣለ ቁጥር የልምድ ነጥብ ይጨመርለታል። ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል። ይህን ሥርዓት ኮምፒውተር አልወለደውም። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ለሕዝብ ባቀረቡት፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ በሚጫወቱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ውስጥ ነጥቡም ደረጃውም ነበሩ። በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው «ሩንስኬፕ» ይህንኑ ወደ ኢንተርኔት ካሻገሩት አንዱ ነው። የቀድሞ መልኩ በ2013 «ኦልድ ስኩል» ተብሎ ተመለሰ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በእጅ ስልክ መጫወት ተቻለ። የእኅቴ ልጅ የሚጫወተው ይህንን ነው።

ልጁ ከቢስቲማ ወደ እኔ የመጣው በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያው ዓመት በጥቅምት በጦርነቱ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ከተመለሱ ገና ወራት አልሞላቸውም። ቀን ይማራል፤ ማታ ደብተሩን ይገልጣል፤ ሲደክመው ስልኩን ያነሣል። አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ «ፈጣኑ መንገድ የቱ ነው?» ስል ጠየቅሁት። ጣቶቹን እያጠፈ ዘረዘረልኝ።

አንደኛው መንገድ ተልእኮ መፈጸም ነው። ስለ አንድ ፏፏቴ የሚያወሳ ተልእኮ አለ። ይህን የፈጸመ ጀማሪ በማጥቃትም በጉልበትም 13,750 ነጥብ በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ከደረጃ 1 ብድግ ብሎ 30 ላይ ይቀመጣል። የሚገርመው ማንንም መግደል ግድ አለመሆኑ ነው። በግዙፋን መካከል ሮጦ ማለፍ ይበቃል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ መቃብር ደግሞ መሣሪያ የያዘን ሰው አያስገባም፤ የሚገባው ባዶ እጁን የመጣ ብቻ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ተረት የሚያውቅ ሰው ነው አልሁ በልቤ።

ሁለተኛው መንገድ ያገኙትን መጣል ነው። ዓሣ አጥማጁ ከረጢቱ በሞላ ቁጥር ዓሣውን ወደ ባንክ ቢወስድ ሀብት ያከማቻል፤ ደረጃው ግን ይዘገያል። ስለዚህ የቸኮለው ዓሣውን እዚያው ወንዙ ዳር ጥሎ እንደገና መረቡን ይዘረጋል። «አጎቴ፣ ባንክ መመላለስ ጊዜ ይፈጃል» አለኝ። የባንክ ሠራተኛ መሆኔን ረስቶት አልነበረም፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሦስተኛው መንገድ ገንዘብ ነው። በጨዋታው ውስጥ ጸሎት ራሱ ደረጃ አለው፤ የሚያድገውም አጥንት በመቅበር ነው። ባለጸጋው ግን የዘንዶ አጥንት ገዝቶ በወርቅ በተለበጠ መሠዊያ ላይ ያቀርባል። ሁለቱ የዕጣን ማጨሻዎች ከበሩለት ከቀባሪው ሦስት እጥፍ ተኩል ነጥብ ያገኛል። ጸሎት እንኳ በገንዘብ የሚፈጥንበት ዓለም መሆኑ ነው። የእኔ ልጅ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ቢሆንም ብዙው የጨዋታው ክፍል የሚከፈተው ለአባላት ብቻ ስለሆነ፣ በጨዋታው ወርቅ የሚገዛና የ14 ቀን አባልነት የሚሰጥ «ቦንድ» የሚባል ነገር አለ። እርሱም ለሳምንታት ማዕድን ቆፍሮ ቦንዱን ገዛ። ሂሳቡን ሲያስረዳኝ ከሥራ ባልደረቦቼ ካንዳንዶቹ ይልቅ ጥርት አድርጎ ነበር።

አራተኛው መንገድ ሌላ ሰው ቀጥሮ ማጫወት ነው። የጨዋታው ሕግ ይከለክለዋል፤ ገበያው ግን አለ። ከ2017 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የቬንዙዌላ ገንዘብ ዋጋ ባጣ ጊዜ፣ ብዙ ቬንዙዌላውያን በዚሁ በሩንስኬፕ ዘንዶ እያደኑ ወርቁን ለውጭ ሰዎች በመሸጥ የዕለት ጉርሳቸውን ሸፍነዋል። አንዱ የሚሸሸው ድካም ለሌላው እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

አምስተኛው መንገድ፣ እኔን ከሁሉ የማረከኝ፣ ማረፍ ነው። ይህ በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የሚባለው ጨዋታ ሥርዓት ነው። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ለረዥም ሰዓት የሚጫወትን ሰው ነጥብ በግማሽ ይቀንሱ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ከዚያ ቁጥሩን ሳይነኩ ስሙን ለወጡት፤ «ያረፈ ሰው እጥፍ ያገኛል» አሉ። ሁሉም ደስ አለው። ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለገጣሚ መንገር ባያስፈልግም፣ ይህን ምሳሌ ግን መዝግቤ ይዤዋለሁ።

እነዚህ ሁሉ አቋራጮች አንድ ቦታ ሲደርሱ ያልቁባቸዋል። በ«ኦልድ ስኩል» የአንድ ሙያ ከፍተኛ ደረጃ 99 ሲሆን 13,034,431 ነጥብ ይጠይቃል። ደረጃ 92 ላይ የደረሰ ሰው ጫፉን የነካ ይመስለዋል። የያዘው ግን 6,517,253 ነው፤ ይህም የመንገዱ እኩሌታ ነው። በየሰባቱ ደረጃ የሚፈለገው ነጥብ በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ የቀሩት ሰባት ደረጃዎች ካለፉት ዘጠና ሁለቱ ጋር ይመዛዘናሉ።

እኛም መሰላል እናውቃለን። የቅኔው ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይወጣል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የወሎው ደረሳም ስንቁን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል፤ አንዱን ኪታብ ሳያኸትም ወደ ሌላው አይሻገርም። እነዚህ መንገዶች ረዣዥም ናቸው፤ ተማሪውም ይራባል። ነገር ግን በየደረጃው «አሁን ይህን ቆጥረሃል፣ ወደዚያኛው እለፍ» የሚለው ሰው ከፊቱ ተቀምጧል።

የእኅቴ ልጅ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከእኩዮቹ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አገር አቀፉን ፈተና ተፈተነ። በአገሪቱ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርሱ ከእነርሱ አልነበረም። ውጤቱን ባየ ማታ አላለቀሰም። ስልኩን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ዓሣው ተመለሰ። ብዙ ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ አንዴ ከመታሁ አንዴ ይቆጠርልኛል። እዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆጥሬ አልፎ ሂድ የሚለኝ እንኳ አጣሁ።» መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን ከቢስቲማ የክፍል ጓደኞቹ ሁለቱ በጅቡቲና በየመን አድርገው ሳዑዲ ለመግባት ተነሥተው ነበር። ለእነርሱ ያ ፈጣኑ መንገድ ነው። እርሱም ስለዚያ ማሰብ እንደጀመረ አወቅሁ፤ እኅቴም ከቢስቲማ በየማታው እየደወለች «አደራህን» ትለኝ ነበር። ያን ሌሊት በማስታወሻዬ ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ብቻ ጻፍሁ፦

ድንጋይ የፈለጠ ቁጥር ሲጨመርለት፣
መጽሐፍ የገለጠ ማን አየ ጻፈለት?

በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እንደያዘ ለወራት ቆመ። ልጁ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ባለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የኤሌክትሪክ ሥራ ለመማር ተመዘገበ። በዚህ ትምህርት ደረጃ የሚባለው ነገር ምሳሌ አይደለም፤ የአገሪቱ ሥርዓት ራሱ ከደረጃ 1 ጀምሮ ይቆጥራል፤ በየመካከሉም ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና አለ። እኔም ከባንክ ቤት ልማዴ ተነሥቼ አንድ ሰፊ መዝገብ ገዛሁለት፤ በግራ ቀኑን፣ በመካከል የሠራውን፣ በቀኝ ሰዓቱን እንጽፋለን። መብራት የዘረጋበት ቀን ተጽፏል፤ ገመድ አቃጥሎ የተቆጣበትም ቀን ተጽፏል። ማታ ማታ ድምሩን የምሠራው እኔ ነኝ። ደረጃ 2ን አልፎ አሁን 3 ላይ ነው። ሳዑዲን ጨርሶ ረስቷል ብዬ አልምልም። መዝገቡን ግን አንድም ቀን ባዶ አላደረገውም። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ወዲህ ጨዋታውንም ይጫወታል፤ እኔም አልከለክለውም።

ውድ አንባብያን፣ ጨዋታው ወጣቶቻችንን ሰረቀብን ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። የሚይዛቸው ዘንዶውና ወርቁ ብቻ አይመስለኝም። የደከሙባት እያንዳንዷ ደቂቃ ሳትጠፋ የምትጻፍበት ቦታ ማግኘታቸው ነው የሚይዛቸው። ፈጣኑን መንገድ ከእነርሱ ጋር ልንፈልግ ካሻን፣ ከማሽኑ ቀድመን ልንቆጥርላቸው የምንችለው ብዙ ነገር አለ። የታናሻችሁ ደብተር ዛሬ ማታ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ጠይቁት።

ቸር እንሰንብት።