ባለ ሦስት ዐይኑ ሸክላ

ሰው ከአፈር ተበጀ ሲባል እየሰማን አድገናል። ሰውም በተራው አፈር አንሥቶ ሰው ለማበጀት ሞክሯል። ሙከራው ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያስተማረኝ ትላቲልኮ ነው።

ትላቲልኮ ዛሬ በሜክሲኮ ከተማ ዳርቻ ሕንፃዎች ሥር የተዋጠ ጥንታዊ መንደር ነው። ኮሎምበስ ወደ አሜሪካ ምድር ከመሻገሩ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 900 ገደማ፣ ነዋሪዎቹ ከሙታናቸው ጋር ትንንሽ የሸክላ ሰዎችን ይቀብሩ ነበር። አብዛኞቹ ስንዝር አይሞሉም። የሸክላ መንኰራኵር በአገሩ አልነበረምና ሁሉም በእጅ የተሠሩ ናቸው፤ ጭቃው ተቆንጥጦ አፍንጫ፣ ተጭሮ ዐይን ሆኗል። ወገበ ቀጭን፣ ዳሌ ሰፊ፣ ጠጉራቸውን በጥንቃቄ የተሠሩ ሴቶች ይበዛሉ። ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፤ ኳስ ተጫዋችም አለ።

ከሁሉም በፎቶግራፍ ያየሁት ባለ ሁለት ፊቱ ከልቤ አልወጣም። በአንድ ራስ ላይ ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት አፍ፣ ሦስት ዐይን፤ መካከለኛው ዐይን ለሁለቱም ፊት የጋራ ነው። ባለ ሁለት ፊት ሆኖ የተወለደ ሕፃን አምሳል ነው ያለ ሐኪም አለ። እኔ ግን ግጥም እንደሚሞክር ሰው ሳየው፣ ሟችና አልቃሽ በአንድ ዐይን የሚተያዩ ይመስለኛል።

እነዚህን ሸክላዎች ወደ ብርሃን ያወጧቸው ጡብ ሠሪዎች ናቸው። ለጡብ የሚሆን አፈር ሲቆፍሩ ያገኟቸው ነበር፤ ሠዓሊው ሚጌል ኮቫሩቢያስም ከእነርሱ ይገዛ ነበር። የባለሙያ ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ከዚያ በፊት የተሸጡት ምስሎች ከጥፋት ተርፈዋል፤ በማን ራስጌ እንደ ተቀመጡ የሚመሰክረው አፈር ግን ተበትኗል።

እኔ በምሠራበት ባንክ ፊርማ የሌለው ወረቀት ይመለሳል። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ግን የሠሪ ስም የለም፤ ሦስት ሺህ ዓመት ወስዶታል ብለን እንጽናና ይሆናል።

በእኛም አገር ብዙዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ሴቶች ናቸው፤ ያለ መንኰራኵር፣ በእጃቸው ይሠራሉ። በጀበናቸው ቡና እንጠጣለን፣ በምጣዳቸው እንጀራ እንጋግራለን፤ «ሸክላ ሠሪ» የሚለውን የሙያ ስማቸውን ግን ስድብ አድርገነው ኖረናል። የትላቲልኮዋን ሴት ስም ዘመን ወሰደው። ዛሬ ገበያ ላይ ጀበናዋን ደርድራ የተቀመጠችውን ሴት ስም የወሰደው ማን ነው?