ሸረሪቷ የጻፈችው ቃል

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው። «ትልልቅ ሰዎች ከልጆች መጽሐፍ ምን አለን?» እንዳትሉ። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር።

አንድ ማታ፣ ከእርሻ መልስ ለትምህርት ስንሰበሰብ፣ አስተማሪያችን መጽሐፉን ይዛ መጣች። ስሙ «የሻርሎት ድር» ነው። ኢ. ቢ. ዋይት የተባለ አሜሪካዊ በ1952 እ.ኤ.አ. አሳተመው። እሷ የያዘችው 60ኛ ዓመቱ ሲከበር በ2012 እ.ኤ.አ. እንደገና የታተመውን ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እያነበበች በአማርኛ ነገረችን።

ዊልበር የሚባል አሳማ ነበረ። ሲወለድ ከሁሉም ያነሰና ደካማ ነበር። ባለቤቱ መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ ትንሿ ልጁ ለምና አስጣለችው። በእኛ ሰፈር አሳማ የሚያረባ የለም። ግን የደከመ ግልገል ያላየ ማን አለ?

በኋላ ዊልበር ለልጅቷ አጎት ተሸጠ። እዚያም ለገና እንደሚታረድ ሰማና አለቀሰ። በጋጣው በር ላይ የምትኖር ሻርሎት የምትባል ሸረሪት ላድንህ ብላ ቃል ገባችለት።

በምን አዳነችው? በጽሑፍ! በድሯ ላይ አሳማውን የሚያመሰግን ቃል ጻፈች። ሰዎች አይተው ጉድ አሉ። አይጥ ከቆሻሻ መጣያ የተጻፈበት ቁራጭ ያመጣላታል፤ እሷ ትመርጣለች። አንዱ ቃል የተገኘው ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። እዚህ ላይ ሳቅን። እኛም እኮ መጀመሪያ ያነበብነው የሳሙና መጠቅለያ ነው! አንዱን ቃል ግን ጣለችው። ሲበላ ይንኮሻኮሻል የሚል ነበርና፣ ሰዎቹ መብላት እንዳያምራቸው ብላ ነው። አያችሁ? አንድ ቃል ያድናል፤ አንድ ቃል ያሳርዳል።

ከመካከላችን አንዲት እናት ጠየቁ። «የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ አሳማውን አደነቁ። የጻፈችውንስ ማን አየ?»

«እውነትዎን ነው እማማ፤ እሷን ልብ ያላት ጥቂት ሰው ነው» አለች አስተማሪያችን።

ዝም አልን። አንድ ነገር ትዝ አለን። ከጥቂት ዓመት በፊት መሬታችንን ለአንድ ዓመት ያከራየን መስሎን፣ በማናነበው ወረቀት ላይ ጣታችንን አተምን። ወረቀቱ ለካ ሦስት ዓመት ይል ኖሯል። እኛም እንደዚያ አገር ሰዎች የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለን ነበር። ዊልበር የዳነው የጻፈችለት ወዳጁ ስለሆነች ነው። ለእኛ የጻፈው ግን ወዳጅ አልነበረም።

ዋይት ራሱ በሜይን ግዛት እርሻ ነበረው። አንድ አሳማው ታሞበት፣ ሊያድነው ደክሞ፣ ሞተበት። ስለዚያም በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፏል። በመጽሐፉ ያለው አሳማ ግን ዳነ። ሻርሎት እንቁላሏን ጥላ ሞተች። ዊልበርም የእንቁላሉን ከረጢት በአፉ ይዞ ወደ ጋጣው መለሰላት። ይኼን ስንሰማ እንባችን መጣ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። የሻርሎት ድር አንድ ነው። ግን ቃል ስላለበት ቢላዋ አስጣለ።

እኒያ እናት ያን ማታ ጠመኔ አንስተው ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። «ከእንግዲህ ጣቴን አላትምም» አሉ።

እናንተም ወረቀት ሲመጣላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። መጀመሪያ አንብቡ። ከዚያም «ማን ጻፈው? ለማን ብሎ ጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ።