ዘጠና ሁለት ዲግሪ

የጠመኔ ብናኝ እየተነፈስኩ አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» እያልኩ በሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ተማሪዎቼም ገልብጠዋል፤ በፈተና ጊዜ ያንኑ መልሰው ሰጥተውኛል፤ እኔም የልክ ምልክት አድርጌበታለሁ። ሆኖም አንዳችንም ብንሆን ውሃ አፍልተን፣ ቴርሞሜትር ነክረን አይተን አናውቅም ነበር።

ይህን ልማድ የሰበሩት በመናገሻ ሱባ ደን ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ያሳለፍኳቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ገመገም የሚገኘው ይህ ጥንታዊ ደን በጽድ፣ በዝግባና በኮሶ ዛፎቹ የታወቀ ነው። ድንኳኖቻችንን እንደተከልን ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ያዩት የከተማ ልጆች ጩኸታቸው ጫካውን ሞላው።

በመጀመሪያው ቀን ዛፍ ሳንወጣ የዛፍ ቁመት ለካን። አንድ ሜትር የሚሆን እንጨት ገላጣ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገን አቆምን፤ ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚያው ሰዓት የአንድ ትልቅ ጽድ ጥላ 20 ሜትር ተለካ። ልጆቹ አፈር ላይ በጭራሮ እያሰሉ 25 ሜትር ላይ ሲደርሱ፣ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያመጣባቸው የነበረው የንጥጥር ትምህርት ጨዋታ ሆነላቸው።

የማልረሳው ግን የማግስቱን ጠዋት ነው። በአራት ቡድን ተከፍለው በቡታጋዝ ላይ ውሃ ጣዱ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ሳለ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ቴርሞሜትሩን ደጋግማ አየች፤ በደብተሯ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈች፤ ወዲያው አጠፋችውና 100 ብላ ተካችው። ለምን እንዳጠፋችው ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ 92 ላይ ቆመብኝ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ» አለችኝ በፍርሃት።

ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። የአራቱም ቡድን ቴርሞሜትር 92 አካባቢ ነበር፤ የአራቱም ቡድን ደብተር ግን 100 ይላል። በልጆቹ አላፈርኩም። ዓይናቸው ያየውን ትተው የእኔን ቃል እንዲያምኑ ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ።

አጠገባችን የቆመው የደን ጠባቂ ነገሩን ሲሰማ ፈገግ አለ። «እዚህ ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ ያዘገማል፤ ቆላ ግን ቶሎ ይበስላል» አለ። ልጆቹም «ጋሼ፣ ለምን?» እያሉ ከበቡት። መልሱን አብረን ፈለግን። የቆምንበት ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ወደብ ብንሆን ኖሮ መጽሐፉ ትክክል ነበር።

ከተመለስን ከሳምንታት በኋላ የትምህርት ቤቱ የጋራ ፈተና ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። ልጅቱ «በባሕር ዳርቻ 100፣ በሱባ 92» ብላ መልሳለች። የመልስ መስጫው 100 ብቻ ይላል። ቀዩን ብዕር እንደያዝኩ ጥቂት ቆየሁና የልክ ምልክት አደረግሁ። ባልደረቦቼ ሲከራከሩኝ ቃል አላበዛሁም፤ ቡታጋዝና ድስት አምጥቼ ቴርሞሜትሩን በእጃቸው ሰጠኋቸው።