ተሸካሚው አባት

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 1፥29-33፤ ኢሳይያስ 46፥1-4



ይህን የምንጽፍላችሁ ሁለታችን፣ ባልና ሚስት ሆነን ነው። እግዚአብሔር ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። የበኩር ልጃችን 14 ዓመቱ ነው። ሲወለድ አንጎሉ በቂ ኦክስጅን ስላላገኘ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። አይራመድም፤ በአፉም አይናገርም። ግን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቀልድ ይወዳል፤ ዝማሬ ሲጀመር ግራ እጁን ከሁላችንም ቀድሞ ያነሣል።

ስለ ፈውሱ 14 ዓመት ጸልየናል። ጾመናል፣ ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተውታል፣ የእግዚአብሔር ሰዎች እጃቸውን ጭነውበታል። እስከ ዛሬ ተነሥቶ አልሄደም። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ዛሬም እንጸልያለን። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት በየጉባኤው መውጫ ላይ የሚጠብቀን ጥያቄ አለ፦ "እስካሁን ምንም ለውጥ የለም?" የሚጠይቁን ወገኖች ይወዱናል። ጥያቄው ሲደጋገም ግን ልጁ በሰው ዓይን ልጅ መሆኑ እየቀረ፣ መልስ ያልመጣለት ጸሎት ብቻ እየመሰለ ሄደ። "ቤታችሁን መርምሩ፤ የተሰወረ ነገር ይኖራል" ያሉንም አልጠፉም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ይህንኑ ጠይቀው ጌታ ምን እንደ መለሰላቸው ስለምናውቅ፣ በዚያ ቃል ላይ ቆመን ዝም አልን።

በምንኖርበት በማሳቹሴትስ ግዛት የዲክ ሆይትንና የልጁን የሪክን ታሪክ ያልሰማ ሯጭ ጥቂት ነው። ሪክ በ1962 ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ኦክስጅን አጠረው፤ እንደ ልጃችን ማለት ነው። ሐኪሞች ወላጆቹን "ለተቋም ስጡት" ቢሏቸውም ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። በ1977 ሪክ ለአንድ ጉዳት ለደረሰበት ስፖርተኛ መርጃ በተዘጋጀ የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ መሳተፍ እንደሚፈልግ በኮምፒውተር ለአባቱ ነገረው። አባትየው ወንበሩን እየገፋ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከ1,000 በላይ ውድድሮች አብረው አደረጉ። የቦስተን ማራቶንን ብቻ እስከ 2014 ድረስ 32 ጊዜ ጨርሰዋል። በትራያትሎን ደግሞ አባት ልጁን በጀልባ አስቀምጦ በገመድ እየሳበ ይዋኝ፣ በብስክሌት ይዞት ይነዳ፣ በመጨረሻም ወንበሩን እየገፋ ይሮጥ ነበር። ዲክ በ2021፣ ሪክ በ2023 ዐርፈዋል።

ልጃችን የእነርሱን ቪዲዮ ያየው በ11 ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ አልበቃውም፤ በዓይኑ በሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ደጋግሞ ከፈተው። ከዚያ ወደ አባቱ አየ፣ ወደ ስክሪኑ አየ፣ እንደገና ወደ አባቱ አየ። ትርጓሜ አላስፈለገንም።

አባቱ ያደገው ሆሳዕና ነው፤ መሮጥ ያውቃል፣ ዋና ግን አያውቅም። በ41 ዓመቱ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ መያዝ ተማረ። ይህ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአየር የምትነፋ ጀልባ፣ ከብስክሌት ኋላ የምትያዝ ጋሪና ባለ ሦስት ጎማ የሩጫ ወንበር አዋሰን። የመረጥነው አጭሩን ትራያትሎን ነበር፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ።

ቀኑ ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ከንጋቱ ጀምሮ ቀዝቃዛ ዝናብ ነበር፤ ሙቀቱ 11 ዲግሪ፣ ሐይቁም በነፋስ ይናወጣል። አዘጋጆቹ ነጎድጓድ እንደሌለ እስኪያረጋግጡ ድረስ መነሻውን በግማሽ ሰዓት አዘገዩት። ከሆሳዕና የመጣችው አያቱ ከጃንጥላ ሥር ሆና "ልጁን ለብርድ ልትሰጡት ነው? ሕዝቡስ ምን ይላል?" አለች። እርሷ ባደገችበት ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ከክፋት አይደለም፤ ከአፍ ይሰውሩታል፣ ከዓይን ይጠብቁታል። ልጁን ጠየቅነው። "አዎ" ሲል ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል፤ አነሣ። ሐኪሙም አስቀድሞ ፈቅዶለት ነበር። የዋና ልብሱን፣ የዝናብ ልብሱን፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ደራርበንለት በጀልባዋ ውስጥ አስተኛነው፤ አያቱም ጋቢዋን አውልቃ "ይህንንም" አለች። እንዳይረጥብባት ብለን ብንመልስላትም ቅር አላት።

ውሃ ውስጥ የነበረው አባቱ ነው፤ ዳር ላይ የነበርነው ከእናቱ ጀምሮ ሌሎቻችን። ስለዚህ የምንነግራችሁ የሁለታችንን ነው። የሚዋኘው ሰው ልጁን ማየት አይችልም። ገመዱ ወገቡ ላይ ነው፤ የሚያውቀው ክብደቱን ብቻ ነው። ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን ሲገፋት ገመዱ ወገቡን ያዞረዋል፤ ማዕበሉ ሲመታት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጠረው። አጠገቡ በካያክ ሆና የምትከተለውን በጎ ፈቃደኛ ጮኾ ጠየቃት፦ "ልጄ ደህና ነው?" ጎንበስ ብላ አየችውና መለሰች፦ "እየሳቀ ነው!"

እኛ ደግሞ ከዳር ሆነን የምናየው ሌላ ነበር። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ስለማይችል ፊቱ ወደ ሰማይ ነው፤ ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። አባቱ ፍርሃት ይዞት ሲታገል፣ ልጁ ዝናቡን አፉን ከፍቶ ይቀበል ነበር። ለመፍራት ምክንያት አላየም፤ ገመዱ ተወጥሮ ነበርና።

ብስክሌቱ ላይ ነፋሱ ሲመለሱ ፊት ለፊት ነበር። ሁሉም አለፏቸው። ሩጫው ሲጀመር ሜዳው ላይ የቀሩት ጥቂት ነበሩ፤ ተመልካቹም በዝናቡ ምክንያት እየሳሳ ሄዷል። የቤት ኅብረታችን ሰዎች ግን አልሄዱም፤ ትንሿ ልጃችን ካርቶን ላይ የጻፈችው የወንድሟ ስም ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም፣ እርሷ ግን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ነው። ከ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በኋላ፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር፣ ወንበሩ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ያን ጊዜ አያቱ ጃንጥላዋን ጥላ ወደ መንገዱ ዳር ወጣች። አንድ ቃል ለማይገባቸው ፈረንጆች በአማርኛ ጮኸች፦ "የኔ ነው! የልጄ ልጅ ነው! እዩት!"

ከወንበሩ ሲደርስ ርጥብ ጋቢዋን አለበሰችው። በዚያን ጊዜ "አይ" ያላት ሰው አልነበረም።

ወገኖች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ነገር በልባችን ሲመላለስ ቆይቷል።

የመጀመሪያው፣ ስለ ምስክሮች ነው። በዕብራውያን 12 ላይ የከበቡን ምስክሮች ሲባል እኛ ሁልጊዜ ስታዲየም ሞልቶ የሚያጨበጭብ ሕዝብ እናስብ ነበር። ምዕራፍ 11ን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብታነቡ ግን እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ሮጠው ያለፉ ናቸው። አንዳንዶቹ ከሰይፍ አፍ አመለጡ፤ ሌሎቹ አላመለጡም። ሁሉም በእምነት ተመስክሮላቸው፣ የተሰጠውን ተስፋ ግን በዘመናቸው ሳያገኙ አለፉ። ስለዚህ ያልተመለሰ ጸሎት ያለው ሰው ከዚያ ዝርዝር አይወጣም። ምስክር ማለት የሚያይ ብቻ ሳይሆን ያየውን የሚናገር ነውና፣ አያቱ በዚያ መንገድ ዳር ምስክር ሆነች።

ሁለተኛው፣ ስለ መሸከም ነው። ኢሳይያስ 46 ላይ ነቢዩ ሁለት ሥዕል አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል። የባቢሎን ጣዖታት በደከሙ እንስሶች ላይ ተጭነዋል፤ ሰው ያልተሸከመው ጣዖት አይንቀሳቀስም። የእስራኤል አምላክ ግን ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እስከ ሽበት ድረስ የሚሸከም ራሱ ነው። ሙሴም በዘዳግም 1 ላይ ለፈሩት ሰዎች የሚያስታውሳቸው ይህንኑ ነው፦ በምድረ በዳ ያለፋችሁት በአባታችሁ ትከሻ ላይ ሆናችሁ ነው ይላቸዋል። ሃይማኖታችን እኛ የምንሸከመው ሸክም ሆኖ ከተሰማን፣ የቱን አምላክ እያመለክን እንዳለ ብንጠይቅ መልካም ነው። በዚያ ሐይቅ ላይ ያየን ሁሉ "ጎበዝ አባት" አለ። እኛ ግን ማታ ቤታችን ገብተን ስናወራ ሁለታችንም ራሳችንን ያገኘነው ጀልባዋ ውስጥ ነበር። 14 ዓመት በነፋስ መካከል ያለፍነው ወገቡን ያሰረልን አባት ስላለ ነው።

ሦስተኛው፣ ስለ ማዕድ ነው። ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበር። 2ኛ ሳሙኤል 9ን ስናነብ ንጉሥ ዳዊት ስለ ዮናታን ሲል ፈልጎ አስመጥቶ ከማዕዱ አስቀመጠው። ምዕራፉ ሲያልቅ ሜምፊቦስቴ ዘወትር ከንጉሡ ማዕድ ይበላል፤ እግሮቹም እንደ ሽባ ናቸው። ሁለቱ እውነት በአንድ ቁጥር ላይ ተጽፈዋል። ማዕዱ ፈውሱን አልጠበቀም፤ የቃል ኪዳን ፍቅር በቂ ነበር።

ስለዚህ በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸውን ወላጆች እንለምንላችኋለን። ስለ ፈውሱ ጸልዩ፤ አታቋርጡ። ከዚያ በፊት ግን ስሙን ጠርታችሁ ለልጁ ራሱ ሰላም በሉት። ወንበሩ የሚገባበት በር እንዲኖር አድርጉ። እናቱ ጉባኤውን ከውጭ በረንዳ ላይ ሆና እንዳትሰማ አጠገቧ ተቀመጡ። በማርቆስ 2 ላይ ሽባውን የተሸከሙት አራት ናቸው፤ ሁለት ወላጅ ብቻቸውን ሲሸከሙ ሁለት ማዕዘን ይጎድላል።

ጌታን ገና ያላወቅህ፣ ያላወቅሽ አንባቢም ብትኖሪ፣ እግዚአብሔር የሚቀበለው ሮጠው የጨረሱትን ብቻ ይመስልሽ ይሆናል። ወንጌል የሚለው ግን ክርስቶስ ወደ ጥልቁ ውሃ ራሱ ገባ፣ በመስቀሉም እኛን ከራሱ ጋር አሰረ ነው። ልጃችን ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ እርምጃ አልሄደም። ሜዳሊያው ግን ዛሬ አልጋው ራስጌ ላይ ተሰቅሏል፤ የተሰጠውም ለአባቱ ከተሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በነፋስ መካከል ገመዱን ስላልለቀቅኸው እናመሰግንሃለን። ለደከሙ ወላጆች ብርታትን ስጣቸው። በየጓዳው የተሰወሩ ልጆችን ወደ ማዕድህ አውጣቸው። የምንለምንህን ፈውስ እንጠብቃለን፤ እስከዚያም በትከሻህ ላይ እናርፋለን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።