ሦስት ሌሊት በኤርፉርት ፔንሲዮን

«ፔንሲዮን ነው የምናድረው» ብዬ ለእህቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በዚህ ዕድሜሽ? ያውም ልጅ ይዘሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ከተማ «ፔንሲዮን» ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቃለን። ጀርመን አገር ግን ፔንሲዮን ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ ጠዋት ቁርስ የሚቀርብበት፣ ዋጋው ከሆቴል ቀለል ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጡረተኛም፣ ተማሪም፣ ልጆች የያዘ ቤተሰብም ያድርበታል።

እኔ ከ34 ዓመት የነርስነት ሥራ በኋላ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ፍራንክፈርት የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እሱም ባለቤቱም በፈረቃ ነው የሚሠሩት። የ12 ዓመቷ የልጅ ልጄ የበልግ ዕረፍት ላይ ስለነበረች ቀኑን ሙሉ ቤት የምንውለው እኔና እሷ ነበርን። እኔ ጀርመንኛ አልችልም። እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ አትናገርም። አባቷ ሲገባ እሱ ያስተረጉመናል፤ ሲወጣ ፈገግ ተባብለን ቴሌቪዥን እናያለን።

«ሁለታችሁ ለምን አንድ ከተማ አይታችሁ አትመጡም?» አለኝ ልጄ። እኔም ኤርፉርትን መረጥኩ። በፈጣኑ ባቡር ከፍራንክፈርት ከሁለት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጉዞ ነው። የራሴም ምክንያት ነበረኝ። በዓለም የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ያሳተመው ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1624 የተወለደው በዚያች ከተማ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረስን። የፔንሲዮኑ ባለቤት በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሴትዮ ናቸው። ፓስፖርቴን አይተው አንድ ቅጽ አስሞሉኝና ሁለት ቁልፍ ሰጡኝ፤ አንዱ የውጭ በር፣ አንዱ የክፍላችን። ማታ ዘበኛ የለም፣ እንግዳ መቀበያም ላይ ሰው አያድርም። ቁልፉን የረሳ ውጭ ነው የሚቀረው። ለሁለታችን ቁርስን ጨምሮ በሌሊት 74 ዩሮ ከፈልን።

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። 46 ደረጃ ቆጥሬያለሁ፣ ጉልበቴም አብሮኝ ቆጥሯል። መጸዳጃና መታጠቢያው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከሌላ አንድ ክፍል ጋር እንጋራለን። ግን ንጽህናው! ስንት ዋርድ ያስተዳደርኩ ሴት ጣቴን መስኮቱ ደፍ ላይ ባሳልፍ አቧራ አጣሁ። ሁለት አልጋ፣ ለየራሳችን ብርድ ልብስ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ትልቅ ለስላሳ ትራስ። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፣ የታሸገ መግዛት አያስፈልግም።

ግድግዳው ላይ የቤቱ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። «ምን ይላል?» አልኳት። የልጅ ልጄ በአማርኛ መልስ መስጠት ነበረባት፤ አባቷ የለም። ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። ማታ ድምፅ ማሰማት አይቻልም፣ ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ ነው የሚጣለው፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ። መጨረሻ ላይ «ቁርስ ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ! በእኛ አቆጣጠር የምሳ ሰዓት ነው። «ርካሽ ቤት ነውና ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ሊሰጡን ይሆናል» ብዬ በልቤ አሰብኩ። ወይ ደግሞ ልጅቷ ተሳስታለች። ፊቴ ላይ ግራ መጋባቱን አየች፣ አፏንም ልትከፍት ነበር። ከዚያ ተወችው። እኔም አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ማልጄ ተነሣሁና የስኳር ኪኒኔን ዋጥኩ። ከቦርሳዬ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ በላሁ። ወጥተን ከተማውን አይተን «ለቁርሱ» በሰባት ሰዓት እንመለሳለን ብዬ ነው። ደረጃውን ስንወርድ ከታችኛው ክፍል የቡና ሽታና የሳህን ድምፅ መጣ። ልጅቷ በሩን አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ኋላ እንመለሳለን» አልኳት። ዝም ብላ ተከተለችኝ።

ኤርፉርት ደግሞ የምታዘናጋ ከተማ ናት። በጌራ ወንዝ ላይ ክሬመርብሩከ የሚባል የነጋዴዎች ድልድይ አለ። በድንጋይ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1325 ነው፤ በግራና በቀኝ 32 ቤቶች ተሰልፈውበታል፣ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። መሐሉ ላይ ቆሞ ወንዙ አይታይም፤ መንደር ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለው። ከድልድዩ ወርደን ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ወደ ትልቁ አደባባይ ሄድን። ኮረብታው ላይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የማርያም ካቴድራልና የቅዱስ ሴቬሪ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1507 ቅስና የተቀበለው በዚያ ካቴድራል ነው። ግሎሪዮዛ የተባለችው ደወል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1497 የተሠራች፣ ከ11 ቶን በላይ የምትመዝን ናት።

ወደ ካቴድራሉ የሚያወጣው ደረጃ 70 ነው። ግማሹን ያህል እንደወጣሁ ላብ አጠመቀኝ። በጥቅምት ብርድ! እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ደለቀ፣ የልጅቷ ፊት ደበዘዘብኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆንኩ ወዲያው ገብቶኛል። ስኳሬ ወርዷል። ለስንት በሽተኛ «ኪኒኑን ከዋጥሽ ምግብ አትዝለይ» እያልኩ ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ ኪኒኔን ውጬ፣ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ይዤ ተራራ ልወጣ!

«እማማ! እማማ፣ ምን ሆንክ? ምን ልስጥህ?» አለች። «ስኳር» አልኳት። ቃሉ በጀርመንኛም ስለሚቀራረብ ገባት። ቦርሳዬን ይዛ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። የፖም ጭማቂ ይዛ ስትመጣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ረዥም ነበር። ግማሽ ብርጭቆ የሚያህል ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ እጄ ተረጋጋ፣ ዓይኔም ጠራ። ከዚያ የገዛችውን ዳቦ ለሁለት ተካፍለን በላን። ያን ጊዜ ነው እሷም ስትበላ ያየኋት። ከኔ በላይ ርቧት ነበር።

«ለምን እንደራበሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

አለቀሰች። «ቁርሱ ነበር። ሰባት ሰዓት ብዬ ነበር» አለች። ቆይቶ ነገሩ ተገለጠልኝ። የነገረችኝ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ማለት ነው። ከቤቱ ስንወጣ ቁርሱ ተዘርግቶ ነበር። «ታዲያ በሩ ላይ ስናልፍ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስሳሳት ትስቃላችሁ» አለችኝ።

ከዳቦው በላይ ይህ ነው ጉሮሮዬ ላይ የተቀረቀረው። በመጣሁ ሰሞን አንድ እሑድ ልጄ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ልጅቷ ቡና ይዛልኝ መጥታ «እማማ፣ ደክሞሃል?» አለችኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ በፍቅር ነው የሳቅሁት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን እየነቀነቀች ብቻ ነበር የምትመልስልኝ። እኔ ደግሞ ለአባቷ «ይቺን ልጅ አማርኛ ሳታስተምራት» እያልኩ እወቅሰው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት እዚያው ደረጃው ላይ። «ከአሁን በኋላ ስትሳሳቺ አልስቅም። አንቺም ካልገባኝ ድገሚልኝ።» ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ወረቀት አውጥታ ሁለት ሰዓት ሣለች፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። ከደንቡ ወረቀት ጎን ለጠፈችው። ባለቤቷ ሴትዮም ሰምተው ነበርና ማታ 46ቱን ደረጃ ወጥተው ሻይና ብስኩት አመጡልን። በልጅቷ አስተርጓሚነት ሦስታችን ተጫወትን። ያደጉት በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ነው፤ ትምህርት ቤት የተማሩት ሩስኛ ነበር። ዛሬ ከሩስኛው የቀራቸው ሰላምታ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። «የማይናገሩት ቋንቋ እንዲህ ይጠፋል» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ቁርሳችን ላይ በሰዓቱ ተገኘን። ትኩስ ትናንሽ ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቀርቧል። ረቡዕ ነውና እኔ ከሕመሜ የተነሣ ቁርስ ባልተውም ፍስክ አልበላም። የልጅ ልጄ ጾምን ለሴትዮዋ ስታስረዳ አየኋት፤ ምን ብላ እንዳስረዳች እንጃ፣ እንቁላሉና አይቡ ተነሥቶ ማርማላታ፣ ቲማቲምና ኪያር መጣልኝ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የባቡር ጉዞ ጎታ ገባን። ኮረብታው ላይ ፍሪደንሽታይን የሚባል ሰፊ ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ ከአማራ አገር የተነሡት ሊቅ፣ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው የመጡት እዚህ ነው። ሉዶልፍ አስቀድሞ ሮም ላይ አግኝቷቸው ነበር። ግዕዝን በመጻሕፍት ጀምሮታል፤ አማርኛን ግን ከእሳቸው አንደበት ነው የተማረው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። የታተመውም ፍራንክፈርት ነው፤ የልጅ ልጄ በምትኖርበት ከተማ።

ይህን ሁሉ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ እየተራመድን ነገርኳት። «ይበርደው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ ስለ አባ ጎርጎርዮስ። ጥቂት አሰብ አድርጋ ደግሞ «ጀርመኑ ሲሳሳት ይስቁበት ነበር?» አለች። «ስቀውበት ይሆናል፤ ማስተማሩን ግን አልተዉም» አልኳት። «ይበርደው» ያለችውን ወደ «ይበርዳቸው» አላረምኩትም። ለሌላ ቀን ይቆየኝ አልኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ውጭ አገር ያላችሁ ብዙዎች ናችሁና፣ ከዚህ ጉዞ የተረፈኝን ላካፍላችሁ። ፔንሲዮን ስትይዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ስንት ፎቅ እንደሆነና አሳንሰር እንዳለው ጠይቁ። ሰዓት ሲነገራችሁ «በማን አቆጣጠር?» በሉ። የመድኃኒታችሁን ስም በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ያዙ፤ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ በጀርመን 112 ነው። የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ኪሳችሁ ውስጥ ጣፋጭ ነገር አይጥፋ። ስኳር ሲወርድ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውኃ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል ምግብ መብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው እርዳታ ይጠራለታል።

ሌላው ምክሬ ከሕክምና ውጭ ነው። ከተቻላችሁ ከልጁ ጋር ለጥቂት ቀን ብቻችሁን ሁኑ፤ አስተርጓሚ በሌለበት፣ እሱም ለእናንተ፣ እናንተም ለእሱ በምታስፈልጉበት ቦታ። ትልቅ ሆቴል አያሻም፤ እንዲያውም አንድ ጠባብ ክፍል ይሻላል። ሲሳሳት ደግሞ አትሳቁ።

ሐሙስ ፍራንክፈርት ተመለስን። ሁለቱን ሰዓት የሣለችበትን ወረቀት ከግድግዳው ነቅላ ሰጠችኝ፤ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ስልኩ አጠገብ ተለጥፏል። በየእሑዱ ትደውልልኛለች። ባለፈው እሑድ «እማማ፣ ደክሞሻል?» አለችኝ፤ በትክክል። እኔም «አልደከመኝም። በሚቀጥለው ሳምንት በስንት ሰዓት ትደውያለሽ?» አልኳት።

«በአራት ሰዓት» አለች። ጥቂት ዝም ብላ «በአንቺ» አለችኝ።