«አንቺማ ምን አጠፋሽ?»

ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ በስሜና በፎቶዬ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሰኝ ስድብ ብዙዎች ከፈሩልኝ በጣም ያነሰ ነው። የሚበዛው ሐዘኔታ ነው። ሐዘኔታው ደግሞ ከመቶ ሰው ቢመጣም ቃሉ አንድ ነው፦ «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺማ ምን አጠፋሽ? አብሮሽ የተወለደ ነው።»

ይህን የምትጽፉልኝ ደግ ሰዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ግን ይህን ምሕረት መቀበል አቅቶኛል፤ ምክንያቱን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እናቴን የካድኳት ይመስለኛል። «አንቺ አላጠፋሽም» የሚለው ቃል ያጠፋ ሌላ ሰው አለ ማለት ነውና። ያ ሌላ ሰው በእኔ ታሪክ ውስጥ እናቴ ናት። ቀጥሎ አባቴ ነው።

አባቴ የሞተው መድኃኒቱ ለሚከፍል ሰው ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እሱ አልደረሰበትም። ለጎረቤት «በሳንባ ነው» ተባለ። እናቴ የተመረመረችው ከሱ ሞት በኋላ ነው፣ እኔን አዝላ። ማን ለማን አስተላለፈ የሚለውን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አትፈልጉት። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ አልነግራችሁም።

ራሴን ይፋ ላወጣ ሳስብ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሷን ነው። ሰው «የራስሽ ጉዳይ ነው» ይላል። ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ልጅ ግን የብቻዬ የሚለው ምስጢር የለውም። እኔ አፌን ስከፍት የእናቴ ዕድርተኞች፣ የማኅበር ጓደኞቿ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ስለ እሷም አብረው ይሰማሉ። መቃብር ውስጥ ያለው አባቴ እንኳ አይቀርለትም፤ የሱ ዘመዶች እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። እናቴ ብዙ ጊዜ ወስዳ አሰበችበት። መጨረሻ ላይ «ተናገሪ። ግን ስለ እኔ ይቅርታ እንዳትጠይቂ» አለችኝ። እኔም አልጠይቅም።

ዝምታው ምን እንዳስከፈለን ግን መናገር አለብኝ። እናቴ መድኃኒቴን ከሆስፒታል ይዛ ስትመጣ የብልቃጡን ወረቀት ልጣ፣ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ትሸሽገው ነበር። ለኔም «የሳንባ ነው» ትለኝ ነበር፤ የአባቴን ውሸት እኔ ወረስኩት። እንግዳ ሲበዛ የክኒኑ ሰዓት ያልፋል። ዘመድ ጋ ስናድር ጭራሽ ይቀራል። ይህ መድኃኒት ደግሞ መዝለልን አይምርም፦ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ቫይረሱ ይላመደዋል። እኔም ገና ሃያ ሳይሞላኝ የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ብሎኝ ወደ ሁለተኛው መስመር ተቀየርኩ። ከተሰጡኝ አንዱ አታዛናቪር ነበር፤ ዓይን ቢጫ ያደርጋል። ክፍል ውስጥ «የወፍ በሽታ አለባት» ተብሎ አብሮኝ የሚቀመጥ ጠፋ። ቫይረሱን ከሰው ዓይን ለመሰወር ብለን የሸሸግነው ክኒን፣ ዞሮ በገዛ ዓይኔ ላይ ታየ። እናቴን አልወቅሳትም። የሸሸገችው ዛሬ «አንቺማ ምን አጠፋሽ» ከሚለኝ ሰው ነበር፤ እሷን «አንቺስ» ብሎ እንደሚጠይቃት ታውቅ ነበርና።

ዛሬ በደሜ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ አይታይም። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ እዚህ ደረጃ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። በአውሮፓ ፓርትነር የተባለ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ኮንዶም የማይጠቀሙ ጥንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ቫይረሱን በመድኃኒት ከተቆጣጠረ ሰው ወደ ፍቅረኛው የተላለፈ አንድም አላገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ታትሟል። ልጅ መውለድም እንዲሁ ነው፦ ምንም ሕክምና ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ከእናታቸው ሊይዛቸው ይችላል፤ በሕክምና ከ5 በታች ይወርዳል። እናቴ እኔን ባረገዘችበት ዘመን ይህን የነገራት የለም። ዛሬ በእርግዝና ክትትል ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ሳትውል ሳታድር መድኃኒት ትጀምራለች። ጥፋተኛ ፈላጊዎች ይህን ልዩነት ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ ልጅ ጋ ልድረስ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ስትል ምርመራ ላይ ተነገራት። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቫይረሱ ለተገኘበት ሠራተኛ የሥራ ቪዛ አይሰጡም። ጉዞው ቀረ፣ ለደላላ የተበደረችው ብር ቀረባት፣ ለቤተሰቧም «ፕሮሰሱ ዘገየ» አለች። መድኃኒት ጀምሪ ስላት የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «እኔ እኮ እንዳንቺ አይደለሁም። አንቺ አብሮሽ የተወለደ ነው። እኔ ራሴ ያመጣሁት ነው።»

ለእኔ የተላከው ሐዘኔታ እሷ ዘንድ ፍርድ ሆኖ ደርሷል። ጽሑፌ ሥር የተደረደረውን «አንቺማ ምን አጠፋሽ» አንብባ፣ እሷ ከዚያ ምሕረት ውጭ እንደሆነች ገብቷታል። ወደ ክሊኒክ ከመሄድ ይልቅ ፀበል ብቻ ልትይዝ አስባም ነበር። (በፀበል አምናለሁ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል።) እንዲህ የምትሸሸግን ልጅ ደውሎም ቤቷ ድረስ ሄዶም የሚፈልግ ሰው እየሳሳ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድጋፍ ከቆመ በኋላ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች አይ ቪና በሌሎች ሥራዎች ላይ የነበሩ የ5,000 ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል።

መድኃኒት በሌለበት ዘመን ወጥተው የተናገሩትን፣ እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን ያቋቋሙትን ሰዎች አስባቸዋለሁ። ብዙዎቹ እንደ እኔ «አብሮን ተወለደ» የሚሉት መሸሸጊያ አልነበራቸውም። በአዋቂነታቸው ነው የያዛቸው፤ ያንንም ይዘው ሰው ፊት ቆሙ። እኔ ዛሬ በነፃ የምወስደው መድኃኒት እንዲመጣ የጮኹት እነሱ ናቸው። በንጹሕነቴ ከእነሱ ተለይቼ ልቁም?

ልጅቷ መድኃኒት ጀምራለች። የመጀመሪያ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር፤ ነርሷ «ከየት ያዘሽ» ብላ አልጠየቀቻትም። የጠየቀቻት ምን ሰዓት እንደምትተኛ፣ ቁርስ እንደምትበላ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ነው። ለቤተሰቧ አልነገረችም። እንድትነግርም አልገፋፋኋትም፤ የእኔ መውጣት የሷ ዕዳ አይደለም።

በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ አታቋርጡ። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ መውለድ፣ ለልጃችሁ መቼ እንደምትነግሩት ጠይቁኝ። የማላውቀውን ለነርሶቹ ጠይቄ እመልስላችኋለሁ። «እናትሽንስ ማን አስያዛት?» ለሚለው ብቻ ከእኔ መልስ አትጠብቁ።