ከኤክሴል ወደ ኮድ

ኦገስት 2011 (እ.ኤ.አ.) የጉግል ሊቀ መንበር የነበሩት ኤሪክ ሽሚት ኤድንብራ ላይ ባደረጉት ንግግር ብሪታንያን ወቀሱ፤ ትምህርት ቤቶቿ ልጆችን ሶፍትዌር መጠቀም እንጂ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ አያስተምሩም አሉ። ወቀሳው ሰሚ አገኘ። በጃንዋሪ 2012 የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ የድሮውን የአይሲቲ (የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ) ሥርዓተ ትምህርት እንደሚያነሡ አስታወቁ፤ ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮም በእንግሊዝ ኮምፒውቲንግ የተባለ ትምህርት ቦታውን ያዘ።

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ቢያንስ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋ እንዲጠቀሙ፣ አንዱም ምስል በመገጣጠም ሳይሆን በጽሑፍ የሚሠራ እንዲሆን ተደነገገ። ዎርድና ኤክሴል ሲለማመዱ የኖሩ ክፍሎች በ0 እና በ1 ብቻ መደመር ጀመሩ። እንዴት ደስ ይላል! አንድ ልጅ ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር አስማት ሳይሆን ሰው አስቦ የሠራው መሆኑን በገዛ እጁ ያረጋግጣል።

መምህራኑስ? ብዙዎቹ ራሳቸው ኮድ ጽፈው አያውቁም ነበር። መንግሥት ለዚህ ትምህርት 84 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡን ያስታወቀው ዘግይቶ፣ በ2017 ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የልጃገረዶቹ ነገር ነው። የአይሲቲ ፈተና ጨርሶ ሲቀር፣ እሱን ይወስዱ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተሻገሩም፤ ቀድሞውኑም በ2017 ከአምስት የኮምፒውተር ሳይንስ ተፈታኞች አንዷ ብቻ ሴት ነበረች። ፕሮግራም መጻፍ ማስተማሩ ትክክል ነበር፤ ሌላውን መንገድ መዝጋቱ ግን ጥድፊያ ነው። ሰሜን አየርላንድ በአንጻሩ ዲጂታል ቴክኖሎጂ የተባለ ትምህርት ይዛ፣ ተማሪው ከመልቲሚዲያና ከፕሮግራሚንግ የሚሻውን እንዲመርጥ አድርጋለች።